ባንዱ ቋንቋ ጠይቆ በሌላው ማግኘት፤ የኮምፒዩተር ትርጉም ለሰነድ ፍለጋ

ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በልዩ ልዩ የአገሪቱ ቋንቋዎች ሲሰጥ፣ ስለ ትምህርት የሚጻፈው ጽሑፍም በእነዚሁ ቋንቋዎች እየተበራከተ መጥቷል። ፈላጊው በማያነበው ቋንቋ የተጻፈ ጥናት በመደርደሪያ ላይ ቢኖርም እንደሌለ ይቆጠራል። በአማርኛ ጠይቆ በእንግሊዝኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማልኛ የተጻፈውን ማግኘት እንግዲህ ለዕቅድ አውጪ ትርፍ ነገር አይደለም።

አሳቡ የቆየ ነው። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጄራርድ ሳልተን እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ጥናት፣ የእንግሊዝኛ የቃላት መድበል ወደ ጀርመንኛ ተመልሶ የተደረገው ፍለጋ በእንግሊዝኛ ብቻ ከተደረገው ብዙም እንደማያንስ አሳይቷል። የአማርኛ ጥያቄም ክሌፍ በተባለው የአውሮፓ የምዘና መድረክ እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝኛ፣ በ2005 ደግሞ በፈረንሳይኛ ሰነዶች ላይ ተሞክሯል።

ለንባብ የሚተረጉም መሣሪያ አንድ የተስተካከለ ዓረፍተ ነገር እንዲያወጣ ይፈለግበታል። ለፍለጋ ግን ይኸው ጠባይ ጉዳት አለው። «ዋና» የሚለውን ቃል እንውሰድ፤ ሲጠብቅ ቀዳሚ ወይም አለቃ፣ ሲላላ በውኃ ላይ መዋኘት ማለት ነው። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አይለይም። አንድ የስፖርት መምህር «የዋና ትምህርት» ብሎ በሁለት ቃል ቢጠይቅና መሣሪያው አንዱን ፍቺ መርጦ ሌላውን ቢጥል፣ የሚፈለገው ሰነድ ከነጭራሹ ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ ለፍለጋ የሚስማማው መሣሪያ ሁለቱንም ፍቺዎች እንደየዕድላቸው ሚዛን ሰጥቶ ይይዛል፤ የትኛው እንደሚበልጥ የሚወስነውም በሰነዱ ውስጥ ከቃሉ ጋር አብረው የሚገኙት ቃላት ናቸው።

ከትርጉሙ አስቀድሞ ግን ቃሉን ከቅጥያው መለየት ያስፈልጋል። «ከተማሪዎቻቸው» ከሚለው «ተማሪ»ን ማውጣት ተገቢ ነው፤ ይሁን እንጂ «ከ»ን ባየበት ሁሉ የሚቆርጥ ደንብ «ከተማ»ን «ተማ» አድርጎ ያስቀረዋል። «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ»ና «ጸሀይ»ም ለኮምፒዩተሩ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። የሞክሼ ፊደላት ክርክር ለሊቃውንት ይቆይና፣ ለፍለጋ ሲባል ወደ አንድ ማምጣቱ ግድ ይላል።

ጥያቄውን መተርጎም ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ሁለት ወይም ሦስት ቃል ብቻ ስለሚሆን አገባቡ አይታወቅም። ሰነዱን መተርጎም ውድ ቢሆንም የሚሠራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሰነዶቹ ጥቂት ሺህ ለሆኑለት መሥሪያ ቤት ይህ ሁለተኛው መንገድ የሚሻል ይመስለናል።

የሰውና የቦታ ስሞች ሌላ ችግር ናቸው። ሐረር በላቲን ፊደል ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ ይጻፋል። መሣሪያው የማያውቀውን ስም በዝምታ ሲዘለው ፈላጊው የሚያየው ባዶ መልስ ነው፤ እርሱም «በጉዳዩ ላይ ጥናት አልተደረገም» ብሎ በሪፖርቱ ያሰፍራል፤ በዚሁም ላይ በጀት ይመደባል። መሣሪያ ሲገዛ ወይም ሲሠራ፣ ከትርጉሙ ውበት አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ያልተረጐማቸውን ቃላት ለይቶ ለፈላጊው ያሳይ እንደሆነ ነው።