በቲቢ ምርመራ ላይ «ትሬስ» የሚል ውጤት ምን ማለት ነው? ተደጋጋሚ ዘረመል ለምርመራው ያለው ጥቅም

የአክታ ምርመራ ካደረጉ ተገልጋዮች መካከል አንዳንዶቹ በውጤት ወረቀታቸው ላይ «ትሬስ» የሚል ቃል ተጽፎ ያገኛሉ። ቃሉ «እጅግ ጥቂት ምልክት ተገኝቷል» የሚል ትርጉም አለው። ይሁን እንጂ ውጤቱን «ነጻ ነኝ» ብሎ በመረዳት ወደ ጤና ተቋም ሳይመለሱ መቅረት ለራስም ሆነ አብረው ለሚኖሩ ቤተሰቦች አደገኛ ነው። ይህ ጽሑፍ የውጤቱን ምንነትና ተገልጋዩ ቀጥሎ ሊያደርግ የሚገባውን ለማስገንዘብ የተዘጋጀ ነው።

ተደጋጋሚ ዘረመል ምንድን ነው?

የማንኛውም ሕያው ፍጡር ዘረመል ወይም ዲኤንኤ በአራት ፊደላት እንደተጻፈ ረጅም ጽሑፍ ሊታይ ይችላል። የሰው ልጅ ሙሉ ዘረመል 3 ቢሊዮን ያህል ፊደላት ያሉት ሲሆን፣ ፕሮቲን እንዲሠራ መመሪያ የሚሰጠው ክፍል ከ2 በመቶ ያነሰ ነው። ግማሽ ያህሉ ግን እየተደጋገመ የሚገኝ ጽሑፍ ነው። ለምሳሌ «አሉ» የሚል ስያሜ የተሰጠውና 300 ያህል ፊደላት ያሉት ቁራጭ ከ1 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ተደጋግሞ የሚገኝ ሲሆን፣ ብቻውን የዘረመላችንን 10 በመቶ ገደማ ይይዛል።

አብዛኛው ድግግሞሽ የመጣው ከቦታ ቦታ ከሚዘዋወሩ የዘረመል ቁራጮች ነው። ቁራጮቹ ከነበሩበት ተነቅለው ወይም ራሳቸውን ገልብጠው በሌላ የዘረመል ክፍል ላይ ይሰፍራሉ። ይህን ክስተት አሜሪካዊቷ ሳይንቲስት ባርባራ ማክሊንቶክ በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በበቆሎ ላይ ባደረገችው ጥናት ያገኘችው ሲሆን፣ በ1983 (እ.ኤ.አ.) የኖቤል ሽልማት ተበርክቶላታል። በሰው ዘረመል ውስጥ ከሚገኙት ቁራጮች እጅግ የሚበዙት ዛሬ ከቦታቸው የማይንቀሳቀሱ ናቸው።

ከቲቢ ምርመራ ጋር ምን ያገናኘዋል?

የቲቢ ባክቴሪያም 4.4 ሚሊዮን ያህል ፊደላት ባሉት ዘረመሉ ውስጥ ተዘዋዋሪ ቁራጮች አሉት። ከእነዚህ መካከል አይኤስ 6110 እና አይኤስ 1081 የተባሉት ይገኙበታል። አንድ ባክቴሪያ የእነዚህ ቁራጮች በርካታ ቅጂዎች ሊኖሩት ይችላል።

በጂን ኤክስፐርት መሣሪያ የሚሠራው «አልትራ» የተሰኘው ምርመራ እነዚህን ሁለት ቁራጮች ይፈልጋል። አንድ ጊዜ ብቻ የተጻፈን ቃል ከመፈለግ ይልቅ ደጋግሞ የተጻፈን ቃል ማግኘት እንደሚቀል ሁሉ፣ በአክታው ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ጥቂት ቢሆንም ምርመራው ሊያገኘው ይችላል። ቀደም ሲል የነበረው የዚሁ መሣሪያ ምርመራ በአንድ ሚሊ ሊትር ናሙና ውስጥ 113 ያህል ባክቴሪያዎች እንዲኖሩ ይፈልግ የነበረ ሲሆን፣ አልትራ 16 ያህል ሲኖሩ ይለያል። ሁለት ቁራጮች የሚፈለጉት አንዳንድ የባክቴሪያው ዝርያዎች አይኤስ 6110 የሌላቸው በመሆኑ ነው።

መድኃኒት የመላመድ ሁኔታ የሚታወቀው ግን በሌላ መንገድ ነው። ባክቴሪያው ሪፋምፒሲን የተባለውን መድኃኒት መላመዱን የሚያሳየው የዘረመል ክፍል አንድ ቅጂ ብቻ ነው ያለው። በመሆኑም «ትሬስ» ውጤት ሲገኝ ተደጋጋሚዎቹ ቁራጮች ታይተዋል፤ ይህ ነጠላ ክፍል ግን አልታየም። ስለዚህ ውጤቱ ባክቴሪያው መድኃኒት ተላምዷል ወይም አልተላመደም የሚለውን አይናገርም።

ምርመራው የባክቴሪያውን እንጂ የታካሚውን ዘረመል የማያነብ መሆኑንም ተገልጋዮች ሊገነዘቡ ይገባል።

የሀገራችን ተሞክሮ

በጉለሌ ክፍለ ከተማ ብሔራዊ የቲቢ ሪፈራል ላቦራቶሪ ያለው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትና የቅዱስ ጴጥሮስ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይገኛሉ። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሕክምና በሀገራችን የተጀመረው በ2009 (እ.ኤ.አ.) በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ነው።

የዘረመል ድግግሞሽ የባክቴሪያውን ዝርያ ለመለየትም አገልግሏል። ከወልድያና አካባቢው ከተገኙ ናሙናዎች መካከል የተወሰኑት የተለየ የድግግሞሽ አቀማመጥ በማሳየታቸው ጥናት ተደርጎባቸው፣ «የዘር ሐረግ 7» የተባለው ዝርያ በ2013 (እ.ኤ.አ.) ለሳይንሱ ዓለም ይፋ ሆኗል። ዝርያው በዋነኛነት የሚገኘው በኢትዮጵያ ነው።

«ትሬስ» ውጤት ያለው ተገልጋይ ምን ማድረግ አለበት?

• ውጤቱን ይዞ ሳይዘገይ ወደ መረመረው የጤና ባለሙያ መመለስ። በሕፃናት፣ ኤችአይቪ በደማቸው ባለ ሰዎችና ከሳንባ ውጪ በተወሰደ ናሙና ላይ የተገኘ «ትሬስ» ውጤት ቲቢ እንደተገኘ ይቆጠራል። በሌሎች ታካሚዎች ላይ ባለሙያው ተጨማሪ አክታ ወይም የደረት ራጅ ሊያዝ ይችላል።

• ከዚህ በፊት የቲቢ ሕክምና ወስደው ከነበረ መቼ እንደሆነ በግልጽ መናገር። ከሕክምና በኋላ የሞተ ባክቴሪያ ዘረመል በሰውነት ውስጥ ሊቆይ ስለሚችል፣ ይህ መረጃ ከተደበቀ ታካሚው የማያስፈልገውን መድኃኒት ሊወስድ ይችላል።

• ተጨማሪ ናሙና ሲጠየቁ ከጥልቅ የወጣ አክታ እንጂ ምራቅ አለመስጠት።

• ሕክምና ከታዘዘ ሳያቋርጡ መጨረስ። መድኃኒት ላልተላመደ ቲቢ የተለመደው ሕክምና 6 ወራት ይፈጃል። ሕመሙ ቀለል ሲል መድኃኒቱን ማቆም ባክቴሪያው መድኃኒቱን እንዲላመድ በር ይከፍታል።

• አብረው የሚኖሩ የቤተሰብ አባላትን፣ በተለይም ሕፃናትን፣ ማስመርመር።

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ ትኩሳት ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ የክብደት መቀነስ ያለበት ማንኛውም ሰው በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ ይመከራል። የቲቢ ምርመራና ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋማት ያለ ክፍያ ይሰጣል። ጥቂት ምልክት ማለት ጥቂት አደጋ ማለት እንዳልሆነ በመገንዘብ፣ ኅብረተሰቡ ውጤቱን በባለሙያ እንዲያረጋግጥ እናሳስባለን።