ማን ሠራው? አዛውንቶችና ከውጭ የመጣ ምግብ

አዲስ አበባ ውስጥ ልጅ ለእናቱ በስልክ ምግብ አዝዞ፣ ሞተረኛው ፌስታሉን በር ላይ ሲያስረክብ ከሳሎን የሚሰማው የመጀመሪያ ጥያቄ «ማን ሠራው?» የሚል ነው። ልጅ የምግብ ቤቱን ስም ይጠራል። እናት የፈለጉት ግን ስሙን አይደለም። ሽንኩርቱን ማን አቁላላው? እጁን ታጥቧል ወይ? ድስቱ ትናንት ምን ተሠራበት? ይህን የሚመልስ ሞተረኛ የለም። ልጅም «እማዬ መቼም የዘመኑ ነገር አይሆንልሽ!» ብሎ ይስቃል፤ ምግቡ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ይቀዘቅዛል።

እናትየው ግትር ናቸው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ነገር ግን ከጥያቄያቸው ግማሹን የምግብ ደኅንነት ባለሙያም ይጠይቀዋል። ሌላው ግማሽ የራስን ማጀት ከሚገባው በላይ ከማመን የሚመጣ ነው፤ እሱንም በዝምታ አናልፈውም።

ነገሩ ሥር አለው። በደጋው አገር የበሰለ ምግብ በገንዘብ መሸጥ ለረጅም ዘመን ነውር ነበር። መንገደኛ ሲመሽበት «የመሸበት እንግዳ» ብሎ ደጅ ይቆማል፣ ያለው ይቀርብለታል፣ አድሮ ይሄዳል። እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ፒያሳ ላይ ዛሬም በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል ሲከፍቱ፣ ከፍሎ ለመብላት የሚደፍር ጠፍቶ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ገቡ፣ በሉ፣ ሒሳቡንም ከፍለው አስለመዱ እየተባለ ይተረካል። የዛሬ የሰማንያ ዓመት አዛውንት የዚያ ትውልድ የልጅ ልጅ ናቸው። በአደባባይ ማላመጥ እንደማያምር፣ የሰው ዓይን እንደሚያርፍበት፣ እንጀራ ተሸፍኖ እንደሚሄድ ሲነገራቸው ነው ያደጉት። መንገድ ላይ እርጥብ እየገመጠ የሚሄድ ወጣት ሲያዩ ፊታቸውን የሚያዞሩት ስለ ጤና አስበው አይደለም።

ሃይማኖቱ ደግሞ አለ። የኦርቶዶክስ ምእመን የሆኑ እናት ረቡዕና ዓርብን፣ ሃምሳ አምስቱን የሁዳዴ ቀናት፣ ነሐሴ ላይ ፍልሰታን ይጾማሉ። ምግብ ቤቱ «የጾም» ብሎ የሸጠው ሽሮ ትናንት ቅቤ በነጠረበት ድስት ተሠርቶ ሊሆን ይችላል፤ ጭልፋው ከጥብሱ ወደ ምስሩ አልተዛወረም የሚል ማረጋገጫ ማንም አይሰጣቸውም። ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ደግሞ ልጅ በስድስት ሰዓት ያዘዘው ምሳ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲጠብቃቸው ይቆያል። ሙስሊም አባት በበኩላቸው ሥጋውን ማን እንዳረደው ሳያውቁ አይቀምሱም። ለእነዚህ ሰዎች ከውጭ የመጣ ሥጋ መናፈቅ ያለበት ስጦታ ሳይሆን መጠርጠር ያለበት ነገር ነው።

ታዲያ ክርስቲያኑ አባት በወጣትነታቸው ሥጋ ቤት ቆመው ጥሬ ሥጋ ሲቆርጡ፣ ጠጅ ቤት ሲያመሹ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ክትፎ ቤት ሲሰየሙ የኖሩ አይደሉም ወይ? ናቸው። ውጭ መብላት ለእሳቸው አዲስ ነገር አይደለም። ሥጋ ቤቱ ግን በሬው በአንድ ጎኑ ተሰቅሎ ይታያል፤ «ከዚህ ቁረጥልኝ» ብለው በጣት ያሳያሉ፤ ቢላው ዓይናቸው እያየ ይሳላል፤ ሥጋ ሻጩንም በአባቱ ስም ያውቁታል። አጠገባቸው ወዳጅ አለ፣ ጉርሻ አለ፣ ወሬ አለ። በካርቶን ታሽጎ የመጣ ምግብ ላይ ይህ ሁሉ የለም። ስለዚህ አዛውንቱ የሚጠሉት «ውጭን» ሳይሆን የማያዩትን ነው ቢባል ወደ እውነቱ ይቀርባል።

አንዲት እናት የተገዛ እንጀራ ሲመረምሩ ቆመው ቢያዩ ይህ ይበልጥ ይገባዎታል። መጀመሪያ አንዱን ከጥቅሉ ነጥለው ወደ መስኮቱ ብርሃን ያነሡታል፤ ዓይኑ ጥቅጥቅና እኩል መሆኑን ያያሉ። ከዚያ ገልብጠው ጀርባውን ይዳብሳሉ፤ አርሮ ከሆነ ምጣዱ ከልክ በላይ ግሏል፣ የሚያጣብቅ ከሆነ ሳይበስል ወጥቷል። ያሸቱታል፤ የእርሾው ሽታ ስንት ቀን እንደተቦካ ይነግራቸዋል። በመጨረሻ ጠርዙን ያጥፉታል። ከተሰነጠቀ «ሩዝ ነው» ብለው መልሰው ያስቀምጡታል። ይህን የሚያደርጉት ምንም ቃል ሳይናገሩ፣ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ነው። ሩዝ የተደባለቀበት እንጀራ ለሥጋ የሚያመጣው ክፉ ነገር የለም፤ ነጣ ብሎ ይወጣል፣ በማግስቱ ቶሎ ይደርቃል። እናትየውን የሚያናድዳቸው ሩዙ ሳይሆን የጤፍ ዋጋ ከፍለው ሩዝ መውሰዳቸው ነው።

ጥርጣሬያቸውን ገበያው ራሱ አሳድጎታል። በበርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት፣ በቅቤ ውስጥ ሙዝ፣ በእንጀራ ውስጥ ጀሶ ተገኘ የሚል ዜና በተደጋጋሚ ተሰምቷል። ሁሉም ሻጭ እንዲህ አያደርግም፤ አንድ ጊዜ የተሰማ ዜና ግን በአዛውንት ልብ ውስጥ ሃያ ዓመት ይቀመጣል። እዚህ ላይ የማይረሳ አንድ ነገር አለ። ዛሬ «የገበያ እንጀራ አልበላም» ከሚሉት እናቶች ጥቂት የማይባሉት ራሳቸው እንጀራ ሸጠው ልጆች ያሳደጉ ናቸው። ሙያውን ከውስጥ ያውቁታል፤ የት ላይ ማጭበርበር እንደሚቻልም ያውቃሉ።

«የቤት ምግብ ይሻላል» የሚለውን በጠና ድምፅ የሚናገረው ማን እንደሆነም እንይ። እኔ እንደታዘብኩት፣ በአብዛኛው ምጣድ ፊት ተቀምጦ የማያውቅ ሽማግሌ ነው። ሴቶቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዳንዷ ማጀቷ ሥልጣኗ ነው፤ የተገዛ ወጥ ቤት ሲገባ እርጅናዋን እንዳወጁባት ትቆጥረዋለች። ሌላዋ ግን ሃምሳ ዓመት ሙሉ ጭስ ውስጥ ያጎነበሰች፣ ዓይኗ የሚያለቅስ፣ ወገቧ የሚያማት ሴት ናት። እንጀራ ለመጋገር ሊጡ ቀናት ይቦካል፣ አብሲት ይጣላል፣ ከምጣድ ፊትም ሰዓታት ይፈጃል። እንዲህ ያለችው እናት ከሱቅ እንጀራ መግዛት ከጀመረች ወዲህ እፎይ ብላለች፤ ባሏ ሲያጉረመርም «እንግዲህ አንተ ጋግራ!» ትለዋለች። በእኔ አስተያየት ከሁለቱ ልክ እሷ ናት። የቤት ምግብ ጥሩ የሚሆነው ማን እንደሚደክምበት ሲቆጠር ነው።

አሁን ወደ ሰውነት እንግባ። ሰው ሲያረጅ የማሽተት ኃይሉ ይደክማል፤ የጣዕም ትልቁ ክፍል ያለው ደግሞ አፍንጫ ላይ ነው። ምራቅ ይቀንሳል፣ ጥርስ ይጎድላል፣ ጥማትም እንደ ድሮው አይሰማም። መድኃኒቱም የራሱን ይጨምራል፤ ለስኳር ሕመም በብዛት የሚታዘዘው ሜትፎርሚን በአንዳንዱ ሰው አፍ ውስጥ የብረት ዓይነት ጣዕም ይተዋል። አባት «የዱሮ ወጥ ጣዕም ጠፋ» ሲሉ ወጡም ተለውጦ ሊሆን ይችላል፣ ጥፋቱ ግን በከፊል የአፍንጫቸው ነው። ከውጭ የመጣው ምግብ አንዳንዴ ከቤቱ በልጦ የሚጣፍጣቸውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጨው በዝቶበታል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው የጨው መጠን በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ። ይህ በዳቦ፣ በበርበሬና በወጥ ውስጥ ያለውን ሁሉ ይጨምራል። ምግብ ቤት ደንበኛውን የሚይዘው በጣዕም ስለሆነ ጨው ላይ አይሰስትም፤ ዋነኛ ይዘቱ ጨው የሆነውን የሾርባ ኩብም ይጨምራል። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰው በሳምንት አንድ ቀን ከውጭ ቢበሉ ብዙ አይጎዱም። በየቀኑ ከሆነ ግን ኪኒኑና ጨው ይጓተታሉ።

ስለ ዘይት ግን አዛውንቶቻችንን ትንሽ መሞገት ያስፈልጋል። ፓልም ዘይትን «የሚረጋ ዘይት» ብለው ያወግዙታል፤ እውነትም ከያዘው ስብ ግማሽ ያህሉ የልብና የደም ሥር ሐኪም እንዲቀነስ የሚመክረው ዓይነት ነው። ይሁንና በዚያው አፍ የሚያወድሱት ንጥር ቅቤ በዚህ ዓይነቱ ስብ ከፓልም ይበልጣል። ብርድ ላይ ሁለቱም ይረጋሉ! ቅቤ የቤት ስለሆነ ጤናማ አይሆንም፤ የዓመት በዓል ዶሮ ወጥ ላይ የሚንሳፈፈው ቀይ ቅባት በሞተር ከመጣ ጥብስ የማይሻልበት ጊዜ አለ። ከውጭው በተለይ መራቅ የሚገባው ደጋግሞ በሞቀ ዘይት የተጠበሰውን ነው፤ በየመንገዱ ዳር የሚሸጠው ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ የተጠበሰበት ዘይት ጠቁሮ፣ አረፋ እያወጣ ከታየ ይለፉት።

የምግብ መመረዝን ግን ቀለል አድርጎ ማየት አይገባም። ወጣትን አንድ ሌሊት አስቀምጦ የሚለቅ ተቅማጥ አዛውንትን ሆስፒታል ያስገባል፤ የሰውነት መከላከያው ደክሟል፣ ፈሳሹ ቶሎ ያልቃል፣ ኩላሊት ይጎዳል። ደንቡ ቀላል ነው። የበሰለ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ ሳይቀዘቅዝና ሳይሞቅ ውጭ አይቀመጥ፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከ5 ዲግሪ በታች ይቀመጥ፤ ሲሞቅም እስከ ውስጡ ከ70 ዲግሪ በላይ ይድረስ፤ ማለትም መሐሉ እንፋሎት እስኪያወጣ። ለእናት የታዘዘው ሩዝ ወይም ፓስታ ከምሳ እስከ እራት በፌስታሉ ውስጥ ከዋለ ይጣል። ችግሩ ያ ትውልድ ምግብ መጣልን እንደ ኃጢአት ነው የሚያየው። «እግዜር ያየናል» ብለው በማግስቱ ፍርፍር ያደርጉታል። ስለዚህ ትንሽ ማዘዝ ከብዙ ምክር ይበልጣል። የሚፈላ ወጥም በፌስታል ባይመጣ ይመረጣል፤ ቤት ያለ ሳህን ይዞ ሄዶ ማምጣት አሮጌው ልማድ ነበር፣ ከአዲሱ ይሻላል።

እስካሁን ያወራነው አብሯቸው ሰው ስላለ አዛውንት ነው። ከአራት ኪሎ ወይም ከካዛንቺስ ግቢ ተነሥተው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩት እናት ሌላ ጉዳይ ናቸው። በግቢው ዘመን አንዷ ስትጋግር ለጎረቤት ትኩስ እንጀራ ትልካለች፤ ቡናው ላይ የሁሉም ቤት ወጥ ይታወቃል። ፎቅ ላይ ማገዶ የለም፣ የኤሌክትሪክ ምጣዱ መብራት ሲጠፋ ይቆማል፣ ደረጃውን ለመውረድ ጉልበት አይፈቅድም። እኚህ ሴት ለራሳቸው ብቻ ወጥ መሥራት ይታክታቸዋል፤ ሻይ በዳቦ ጠጥተው ያድራሉ። በሻይና በዳቦ ወር ያሳለፈ ሰው ይከሳል፣ ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ይወድቃል። ለእሳቸው ከምግብ ቤት የመጣ ምስር ወጥና ጎመን፣ ጨው ቢበዛበትም፣ ከሻይና ዳቦው ይበልጣል። ያ ሞተረኛ በየሁለት ቀኑ ያው ሰው ሆኖ ቢመጣና «እማማ እንደምን ዋሉ?» ቢላቸው ደግሞ ግማሹ ጥያቄ ተመለሰ ማለት ነው፤ ማን እንዳመጣው ያውቃሉ።

የልጅ ልጅ ለመጠበቅ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ የሄዱ እናቶች ሳይወዱ በግድ የተገዛ ምግብ በመቀበል ቀድመዋል። እዚያ ብዙ ቤት እንጀራ የሚገዛው በላስቲክ ታሽጎ ከሐበሻ ሱቅ ነው፤ ከፊሉ እዚያው ይጋገራል፣ ከፊሉም ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ይመጣል። መንግሥት በ1998 ዓ.ም. የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይወጣ ሲከለክል የተጋገረ እንጀራ መላክ ግን አልተከለከለም ነበር። እዚያ ያሉ እናቶች እንጀራውን ተቀብለዋል። ወጡን ግን ለማንም አልሰጡም፤ በርበሬና ሽሮው ከአገር ቤት በሻንጣ ይመጣል፣ ድስቱ የራሳቸው ነው። አዲስ አበባም ላይ ሲታይ የሚሠራው ክፍፍል ይኸው ነው፤ እንጀራው ይገዛ፣ ወጡ በቤት ይሠራ። የሚያደክመውን ሥራ ገንዘብ ይሸከማል፣ ጨውና ዘይቱ በእጅ ይለካል፣ እናትም ከማጀታቸው አልተሻሩም።

ማዘዝ ግድ ሲሆን ለምግብ ቤቱ ደውሎ መናገር ነው፦ ጨው ይቀንስ፣ ዘይቱ ለብቻ ይምጣ፣ ሥጋው በደቃቁ ይከተፍ። ብዙዎቹ «ለእናቴ ነው» ሲባሉ ይተባበራሉ። የሚታዘዝበት ቤት አንድ ይሁን፤ እናትን አንድ ቀን ይዞ ሄዶ ማድ ቤቱንና ወጥ ሠሪዋን ማስተዋወቅ ቢቻል ደግሞ ከዚያ በኋላ ጥያቄው ይቀንሳል።

የስኳር ሕመም ያለባቸው ላይ ግን አንድ ጥብቅ ነገር አለ። በስልክ የታዘዘ ምግብ በተባለው ሰዓት አይደርስም፤ ዝናብ አለ፣ የመንገድ መዘጋጋት አለ፣ ሞተረኛው ብሎኩን ያጣዋል። ምሳ እየመጣ ነው ብለው ኢንሱሊን የተወጉ ወይም ግሊቤንክላማይድ የዋጡ አዛውንት ምግቡ አንድ ሰዓት ቢዘገይ ስኳራቸው ሊወርድ ይችላል፤ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት ይከተላል፤ ራሳቸውን ሊስቱም ይችላሉ። ከምግብ ጋር እንዲወሰድ የታዘዘ መድኃኒት ምግቡ ገበታው ላይ ከቀረበ በኋላ ይወሰድ። ከጎናቸውም ስኳር ወይም ጭማቂ አይጥፋ፤ ሞተረኛው እስኪመጣ የሚያቆይ ቁራሽ ዳቦም ይኑር።