ካርታ ከጨዋታ ሲወጣ፣ ዘር ከማሳ ሲወጣ

ዳባት አጠገብ ባለች አንዲት ቀበሌ ስናስተምር፣ ማታ ትምህርት ካለቀ በኋላ እኛ ተማሪዎች ካርታ እንጫወት ነበር። አንድ ቀን ያረፍንበት ቤት አባወራ አጠገባችን ቁጭ ብለው ሲመለከቱ ቆዩና፣ «ልጆቼ፣ ለመሆኑ ይህ ወረቀት ቁም ነገር አለው?» ብለው ጠየቁን።

እኛም ሳቅን። ከመካከላችን አንዱ ግን በዩኒቨርሲቲ ሳለ ስለ ተማረው ሌላ የካርታ ጨዋታ አወራላቸው። አባወራው ነገሩን እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ፣ «እንዴ! ይኸማ የእኔ ስንዴ ነው» አሉ። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ምሽት ጨዋታ የወጣ ነው።

የካርታው ነገር

ሁላችንም የምናውቀው ካርታ 52 ነው። ለሁሉም ተጫዋች አንድ ነው። አይጨመርበትም፤ አይቀነስበትም። ጓደኛችን ያወራው ጨዋታ ግን ከዚህ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ የወጣ ነው። ያወጣውም ሪቻርድ ጋርፊልድ የሚባል የሒሳብ ምሁር ነው። ስሙ «ማጂክ» ይባላል፤ አስማት ማለት ነው።

በዚህ ጨዋታ ብዙ ሺህ ዓይነት ካርታ አለ። እያንዳንዱ ካርታ የራሱ ሥራ አለው። አንዱ ያጠቃል፤ ሌላው ይከላከላል፤ ሌላው ለባልንጀራው ኃይል ይሰጣል። ተጫዋቹ ካርታ እየገዛና እየተለዋወጠ የራሱን ስብስብ ያዘጋጃል። ስብስቡ በተለመደው ደንብ ከ60 ካርታ ማነስ የለበትም። ለሌሎቹ ኃይል ከሚሰጡት መሠረታዊ ካርታዎች በስተቀር፣ አንዱን ዓይነት ካርታ ከ4 በላይ ማስገባት አይቻልም።

በየዓመቱ አዳዲስ ካርታ ይወጣል። ታዲያ አሮጌው የት ይሄዳል? ከ1995 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአንደኛው ዓይነት ውድድር፣ የጥቂት ዓመት ዕድሜ ያላቸው ካርታዎች ተራቸው ሲደርስ ከጨዋታው ይወጣሉ። ትናንት ያሸነፈ ካርታ ዛሬ አይፈቀድም። ቢሆንም አይቃጠልም። አሮጌ ካርታ በሚፈቀድበት በሌላ ዓይነት ውድድር ያገለግላል።

ይህን ደንብ ለምን አወጡ? አንደኛው ምክንያት፣ አዲስ ገቢው ለዓመታት ሲሰበስብ ከኖረው ጋር መወዳደር እንዲችል ነው። ሁለተኛው ምክንያት፣ ጨዋታው እንዳይሞት ነው። አንድ ስብስብ ካሸነፈ ሁሉም ያንኑ ይገለብጣል። ሁሉም አንድ ዓይነት ሲይዝ ደግሞ፣ አንድ ብልህ ሰው ያን አንዱን ብቻ የሚጥል ስብስብ ይሠራል። ያን ጊዜ ሁሉም በአንድ ቀን ይሸነፋሉ። ይህን ነገር ልብ በሉ፤ ወደ ስንዴው ስንሄድ እንመለስበታለን።

ካርታው የወጣበት ተጫዋች ምን ያደርጋል? አንዱ ተናዶ ሁሉንም ይጥላል። ሌላው በጎደለው ስብስብ ይገባና ይሸነፋል። አስተዋዩ ግን ካርታውን በሙሉ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል። የቀረውን ይለያል። የወጣው ምን ሥራ ይሠራ እንደ ነበር ያስባል። ከዚያ ለጎደለው ሥራ ሌላ ካርታ ይፈልጋል። አዲሱን ስብስብም ወደ ትልቁ ውድድር ከመግባቱ በፊት ከጓደኛው ጋር ይሞክረዋል።

የአባወራው ስንዴ

አሁን ወደ አባወራው እንመለስ። እኒህ ሰው ለብዙ ዓመታት ስንዴ ዘርተዋል። ስንዴው በደኅና ዘመን ጎተራ ይሞላላቸው ነበር። አንድ ክረምት ግን ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። በማሳው መካከል ሲያልፉ ልብሳቸው ላይ ቢጫ ዱቄት ተነሰነሰ። ሲታጨድ ፍሬው ቀጭጮ ተገኘ።

በዓመቱ «ይህ ዘር ወደቀብኝ» ብለው ከሌላ ሰው ዘር ገዙ። እሱም እንደዚያው ሆነ። ዕዳቸውን ለመክፈል አንድ ወይፈን ሸጡ። በኋላ ሲጠየቅ ግን ሁለተኛው ዘር ሌላ ዘር አልነበረም። ያው የመጀመሪያው ነበር። ስሙ በየሰፈሩ ይለያይ ስለ ነበር አላወቁም። ከረጢቱ ላይም ምንም አልተጻፈም።

ዋግ ምንድን ነው?

ያ ቢጫ ዱቄት ዋግ ነው። ዋግ ሕይወት ያለው ነገር ሲሆን፣ ከሻጋታ ወገን ነው። ዱቄት መስሎ የሚታየው የሚራባበት ብናኝ ነው። ነፋስ ከማሳ ወደ ማሳ፣ ከአገር ወደ አገር ይወስደዋል።

ስንዴን የሚያጠቃ ዋግ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ቢጫ ዋግ ነው። በቅጠሉ ላይ በመስመር በመስመር ይወጣል። ብርድና እርጥበት ስለሚስማማው፣ እንደ ደባርቅና ዳባት ባለው ደጋ ይበረታል። ሁለተኛው የግንድ ዋግ ነው። መልኩ እንደ ሸክላ ቀይ ነው፤ ሙቀት ይወዳል። አገዳውን አድክሞ ይጥለዋል። ሦስተኛው የቅጠል ዋግ ነው። ቡናማ ነጠብጣብ ሆኖ በቅጠሉ ላይ ይታያል።

ቅጠሉ ቢጫ የሆነ ስንዴ ሁሉ ዋግ አለበት ማለት አይደለም። ውኃ የተኛበት ወይም አፈሩ የደከመበትም ስንዴ ቢጫ ይሆናል። ለመለየት ቅጠሉን በጣታችሁ አሹት። ጣታችሁ ላይ ዱቄት ከቀረ ዋግ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር እንወቅ። የዋጉ ብናኝ በፍሬው ውስጥ ተደብቆ ወደ ከርሞ አይሻገርም። የሚሻገረው የዘሩ ድክመት ነው። ዋጉ በነፋስ ተመልሶ ሲመጣ፣ ያው ደካማ ዘር ይጠብቀዋል።

ዘር ለምን ይወድቃል?

ብዙ ጊዜ አንድ ዘር አዲስ ሲወጣ ዋግ አይነካውም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ይወድቃል። ገበሬው «ዘሩ አረጀ» ይላል። በእውነቱ የተለወጠው ዘሩ ሳይሆን ዋጉ ነው።

ነገሩን በቁልፍ እንመስለው። እያንዳንዱ የስንዴ ዓይነት ዋጉን የሚከለክልበት ጓጉንቸር አለው። ዋጉ ደግሞ ስፍር ቁጥር የሌለው ብናኝ ይበትናል። ከዚያ ሁሉ መካከል አንዱ ተለውጦ፣ ለጓጉንቸሩ የሚሆን ቁልፍ ይዞ ይገኛል። የጎረቤት ማሳ ሌላ ጓጉንቸር ካለው፣ ዋጉ እዚያ ሲደርስ ይቆማል። አገሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ስንዴ ከዘራ ግን፣ አንድ ቁልፍ ሁሉንም ቤት ይከፍታል።

የካርታው ነገር ትዝ አላችሁ? ሁሉም አንድ ስብስብ ሲይዝ፣ ያን የሚጥል ሰው ይመጣል ብለን ነበር። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ካርታው የሚወጣበት ቀን አስቀድሞ ይነገራል። ዋግ ግን ማስታወቂያ አይለጥፍም።

በአገራችን የሆነው

ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው። ወደ እኛ አቆጣጠር ለመመለስ 7 ወይም 8 ይቀነሳል።

እንኮይ የሚባል ስንዴ በ1974 ለገበሬ ተሰጠ። በጣም ተወደደ፤ በሰፊውም ተዘራ። በ1993 እና በ1994 በአርሲና በባሌ የግንድ ዋግ ጣለው። ከዚያ በኋላ በ1995 ኩብሳ የሚባል ስንዴ ወጣ። ኩብሳም ምርቱ ብዙ ስለ ነበር በየቦታው ተሠራጨ። በ2010 ቢጫ ዋግ መጣና በብዙ ቦታ አጠፋው።

በዚያን ጊዜ ቢጫውን ዋግ የቻለ ዲገሉ የሚባል ስንዴ ነበር። የወጣው በ2005 ነው። ስለዚህ ብዙ ገበሬ ኩብሳን ጥሎ ወደ ዲገሉ ዞረ። በ2013 መጨረሻ ግን አዲስ ዓይነት የግንድ ዋግ በባሌና በአርሲ ተነሣ። በአንዳንድ ቦታ የዲገሉ ማሳ ፍሬ ሳይሰጥ ቀረ።

ከዚህ ምን እንማራለን? እንኮይ መጥፎ ዘር አልነበረም። ኩብሳም ዲገሉም መጥፎ አልነበሩም። ስሕተቱ ከአንድ ዘር ወጥቶ እንደገና ወደ አንድ ዘር መግባቱ ነው።

ጎተራን እንደገና ማደራጀት

በማግስቱ ከአባወራው ጋር ሆነን በግቢው ጀንዲ ዘረጋን። ከየዘሩ እፍኝ እፍኝ እያወጡ አስቀመጡ። ነጭ ገብስ፣ ጥቁር ገብስ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ተልባና ሁለት ዓይነት ስንዴ ነበራቸው። ከዚያ እንደ ካርታ ተጫዋቹ በተራ ሠራን።

አንደኛ፣ ለየን። በክፉው ዓመት የጸናውን በአንድ ወገን፣ የወደቀውን በሌላ ወገን አደረግን። የማይታወቀውን ለብቻው አስቀመጥን። የወደቀው አንዱ ስንዴ ብቻ ነበር። «ሁሉ ነገር የጠፋብኝ መስሎኝ ነበር እኮ» አሉ አባወራው።

ሁለተኛ፣ የወደቀው ዘር ምን ሥራ ይሠራ እንደ ነበር ጠየቅን። እንጀራና ዳቦ ይሆን ነበር። ገለባው ለከብት ይሆን ነበር። ትርፉም ተሸጦ ለልብስና ለደብተር ይውል ነበር። ስለዚህ የጎደለው አንድ ነገር አይደለም፤ ሦስት ነው። ለምግቡና ለገለባው ገብሱን መጨመር ይቻላል። ለገበያው ባቄላ አለ። ባቄላና አተር ደግሞ አፈሩን ስለሚያበረቱት፣ በዓመቱ ለሚዘራው ስንዴ ይጠቅማሉ።

ሦስተኛ፣ በወደቀው ስንዴ ፈንታ አንድ ሳይሆን ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት ስንዴ ይፈለግ ብለን ተስማማን። ዋግ አንዱን ቢጥል ሌላው ይተርፋል። አባቶቻችን ስንዴና ገብስ ደባልቀው ይዘሩ የነበረው በዚህ ብልሃት ነው። ስንዴው ቢታመም ገብሱ ይቆማል። ጎረቤታሞችም ቢመካከሩና የተለያየ ዘር ቢዘሩ፣ አንዱ ለሌላው አጥር ይሆንለታል።

አራተኛ፣ አዲስ ዘር በመጀመሪያ በትንሽ መሬት ይሞከር። አንድ ጥማድ ያለው ሰው ሩቡን ይስጠው። አፈሩንና ብርዱን ከቻለ በዓመቱ ይጨመርለታል። ከማሳው ላይ ጤነኛውንና ፍሬው የሞላውን ዛላ መርጦ ለዘር ማስቀረት ነው።

አምስተኛ፣ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ መጠየቅ ነው። ለአካባቢው የሚስማማው ዘር የትኛው እንደ ሆነ ይነግራል። ዋግ እንደ ታየ ቶሎ ከተነገረውም ፀረ ዋግ መድኃኒት ተረጭቶ ሰብሉ ሊተርፍ ይችላል። ዋጉ ማሳውን ካዳረሰ በኋላ ግን መድኃኒቱ ብዙ አይረዳም።

የደጋው ሀብት

ከወደቀው ዘር ይልቅ የጸናውን ማየት ይገባል። የጸናው የአባወራው የራሳቸው ገብስ ነበር። የአገራችን ገብስ ዝናው በዓለም የታወቀ ነው። ኒኮላይ ቫቪሎቭ የሚባል የሩሲያ ሊቅ በ1927 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ዘር ሰበሰበ። የስንዴያችንና የገብሳችን ዓይነት መብዛቱ አስደነቀው።

ቆይቶም በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ አገር፣ በክሽክሽ የሚተላለፍ በሽታ ገብስን አቀጨጨ። ሊቃውንቱ ከዓለም የተሰበሰበውን ብዙ ሺህ ዓይነት ገብስ ፈተሹ። በሽታውን የቻሉት ከጥቂቶቹ በቀር የኢትዮጵያ ገብሶች ሆነው ተገኙ። በእነዚህ እየተዳቀለ የካሊፎርኒያ ገብስ ዳነ። እነዚያን ገብሶች መርጦና ጠብቆ ያቆያቸው የኢትዮጵያ ገበሬ ነው።

ስለዚህ አዲስ ዘር ሲመጣ አሮጌውን ማጥፋት አይገባም። ከጨዋታ የወጣ ካርታ በሌላ ውድድር እንደሚያገለግል ሁሉ፣ በአንድ ቦታ የወደቀ ዘርም በሌላ ቦታ ወይም ለማዳቀል ይጠቅም ይሆናል። አዲስ አበባ ውስጥ ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአገር ዘር በብርድ ክፍል የሚጠበቅበት ቤት አለ። ከእያንዳንዱ ቤት ጓዳ የሚቀመጥ አንድ ቅል ዘርም የዚያ ታናሽ ወንድም ነው።

ፊደል ለዘር

አባወራውን ወይፈን ያስከፈላቸው ዋጉ ብቻ አይደለም። የዘሩን ስም አለማወቅም ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ጥፋት ዋጉ አመጣው። የሁለተኛውን ዓመት ጥፋት ግን አንድ ቁራጭ ጽሑፍ ባስቀረው ነበር።

እናንተ አሁን ማንበብና መጻፍ ትችላላችሁ። እንግዲህ ዘር ስታስቀምጡ እንዲህ ብላችሁ ጻፉበት፦

የዘሩ ስም፦
የመጣበት ቦታ፦
የተዘራበት ዓመት፦
ዋግ ነክቶታል? አልነካውም?

ዘር ስትገዙም ስሙንና የመጣበትን ሳትጠይቁ ብር አትስጡ። የሚሸጠው ሰው ስሙን ካላወቀ፣ ያ ዘር «ካልታወቀው» ወገን ነው። በትንሽ መሬት ሳይሞከር ትልቁን ማሳ አይሰጠውም።

አባወራው ትንሽ ገበታ ጠርበው በከሰል ጻፉበት። «ጥቁር ገብስ። የአባቴ። ዋግ አልነካውም» ይላል። ፊደሉ ትንሽ ተንጋዷል፤ ነገር ግን ይነበባል። ገበታውን በጎተራው አፍ ላይ አሰሩት። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው፣ «በሉ፣ ያን ካርታ አምጡና አስተምሩኝ» አሉን።

ጥያቄዎች

1. ቅጠሉ ቢጫ የሆነ ስንዴ ዋግ እንዳለበት በምን ይታወቃል?
2. አንድ ሰፈር በሙሉ አንድ ዓይነት ስንዴ ቢዘራ ምን ጉዳት አለው?
3. ኩብሳ የወደቀበት 2010 እ.ኤ.አ. በእኛ አቆጣጠር ስንት ዓመተ ምሕረት ነው?
4. በጎተራችሁ ያለውን ዘር ሁሉ ስሙን ጻፉ። የጸናው የትኛው ነው? የማይታወቀውስ?