ጫማን የሚፈትነው እግር ነው

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 24 ቀን 2023 ትዕግሥት አሰፋ የበርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ጨረሰች። በወቅቱ የነበረውን የሴቶች የዓለም ክብረ ወሰን በአንድ ጊዜ በ2 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሻሻለችው። ከድሉ በኋላ በተነሳችው ፎቶግራፍ ላይ ነጭ ጫማዋን በእጇ ከፍ አድርጋ ትታያለች። የአንዱ እግር ክብደት 138 ግራም፣ የጥንዱ ዋጋ በጊዜው 500 ዶላር ነበር። አምራቹ አዲዳስ ጫማው ለአንድ ማራቶንና ከዚያ በፊት ለሚደረግ ጥቂት ማለማመጃ ብቻ የተሠራ መሆኑን አስታውቆ ነበር።

እንዲህ ያለ ውጤት በታየ ቁጥር ክርክሩ ይነሳል። አንዱ ወገን ድሉን በሙሉ ለጫማው ይሰጣል፤ ሌላው ጫማው ምንም እንዳልሠራ ይቆጥረዋል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ትዕግሥት በሪዮ ኦሊምፒክ 800 ሜትር የሮጠች፣ ከመም ወደ ጎዳና ተሻግራ የለፋች አትሌት ናት፤ እንዲህ ያለውን አቅም የሚሸጥ ሱቅ የለም። ጫማውም በበኩሉ እውነተኛ ሥራ ይሠራል፤ ሥራውም በቤተ ሙከራ ተለክቷል። ይህን ጫማና የጽናት ስፖርት ሌላኛው መሣሪያ የሆነውን የውድድር ብስክሌት ቀረብ ብሎ ማወቅ ይጠቅማል። ለሚሮጥም ለሚጋልብም ሰው ዕቃን ሞክሮ መምረጥ የልምምዱ አንድ ክፍል ነውና።

ከእግር በታች ያለው

የዛሬው የውድድር ጫማ በዓለም ፊት የታየው በ2017 ነው። በዚያ ዓመት ሜይ 6 ቀን ኬንያዊው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ፣ ኢትዮጵያዊው ሌሊሳ ዴሲሳና ኤርትራዊው ዘርሰናይ ታደሰ በጣሊያን የሞንዛ የመኪና መወዳደሪያ ላይ ማራቶንን ከ2 ሰዓት በታች ለመጨረስ ተሰለፉ። ኪፕቾጌ በ2 ሰዓት ከ25 ሰከንድ ገባ። ናይክ ለዚያ ሙከራ ያዘጋጀው ጫማ የገበያ ቅጂ በዚያው ዓመት “ቬፐርፍላይ 4 በመቶ” ተብሎ ቀረበ። በስሙ ላይ ያለው ቁጥር የመጣው በአሜሪካ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ከተደረገ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ 18 ጠንካራ ሯጮችን በመሮጫ ማሽን ላይ እያስሮጡ ከአተነፋፈሳቸው የሚያወጡትን ጉልበት ለኩ። አዲሱን ጫማ ሲያደርጉ የጉልበት ወጪያቸው በጊዜው ከነበሩ ሁለት ታዋቂ የውድድር ጫማዎች ጋር ሲነጻጸር በአማካይ 4 በመቶ ያህል ቀንሶ ተገኘ።

ጫማው ሦስት ነገሮችን አጣምሯል። የመጀመሪያው ፎሙ ነው። እግር መሬት ባረፈ ቁጥር ፎሙ ይጨመቃል፤ እግሩ ሲነሳ ደግሞ ወደ ቦታው ይመለሳል። ኢቪኤ ከሚባለው ፕላስቲክ የሚሠራው የቀድሞው ፎም በኮሎራዶው መለኪያ ከተቀበለው ጉልበት 66 በመቶ ያህሉን ብቻ ነበር የሚመልሰው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ፔባ ከተባለው ቁስ የተሠራው አዲሱ ፎም 87 በመቶውን መለሰ። ልዩነቱ መሬት ላይ ሲጣሉ በደንብ የተነፋ ኳስና አየር የጎደለው ኳስ እንደሚነጥሩት ነው። ቁሱ ቀላል በመሆኑም አምራቾች ክብደት ሳይጨምሩ ሶሉን ማወፈር ቻሉ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በአንድ ጫማ ላይ 100 ግራም ሲጨመር የሯጩ የጉልበት ወጪ በ1 በመቶ ገደማ እንደሚያድግ ከቆየ ጥናት ይታወቃል።

ሁለተኛው በፎሙ መሐል የተቀበረው የካርቦን ዝርግ ነው። ጠንካራና ቀጭን ሆኖ ለስላሳውን ፎም ደግፎ ይይዛል፤ የእግር ጣቶች መገጣጠሚያም ብዙ እንዳይታጠፍ ያደርጋል። ሦስተኛው ቅርጹ ነው። የጫማው አፍንጫ ወደ ላይ ስለታጠፈ እግር ሳይታገል ወደ ፊት ይንከባለላል።

ዝናውን የወሰደው ካርቦኑ ነው፤ ብዙ ሰውም ጫማውን የሚጠራው በእሱ ነው። ነገር ግን ሎራ ሂሊና ዋውተር ሁግካመር የተባሉ ተመራማሪዎች የቬፐርፍላይን ዝርግ ቆራርጠው ሯጮችን ሲያስሮጡ የጉልበት ወጪው ያን ያህል አልተለወጠም። ውጤቱ በ2022 ታትሟል። ስለዚህ ካርቦን ያለበት ጫማ ሁሉ ፈጣን አይደለም። ደካማ ፎም ውስጥ ካርቦን መቅበር ጫማውን ያደርቀዋል እንጂ ሯጩን አያግዘውም።

ለማን ይሠራል?

4 በመቶ ጉልበት መቆጠብ 4 በመቶ ፈጥኖ መግባት ማለት አይደለም፤ በሰዓት ላይ የሚታየው ትርፍ ከዚያ ያነሰ ነው። ከዚህም በላይ አማካይ ቁጥር የእያንዳንዱን ሰው ልዩነት ይሸፍናል። በ2023 የታተመ አንድ ጥናት የዓለም ደረጃ ያላቸውን ኬንያውያን ሯጮች በእነዚህ ጫማዎችና ሶሉ ስስ በሆነ የቀድሞ ዓይነት የውድድር ጫማ አስሮጦ ነበር። በአንዱ ሯጭ ላይ ከ11 በመቶ በላይ ጥቅም፣ በሌላው ላይ ከ11 በመቶ በላይ ጉዳት ተመዘገበ። ለጓደኛ የሠራ ጫማ ለሌላው ላይሠራ ይችላል ማለት ነው።

ፍጥነትም ለውጥ ያመጣል። በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር በሚሮጡ ሰዎች ላይ የተለካው ቁጠባ በአማካይ 1.4 በመቶ፣ በ10 ኪሎ ሜትር ደግሞ 0.9 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። የታላቁ ሩጫን 10 ኪሎ ሜትር በአንድ ሰዓት የሚጨርስ ሰው ከዚህ ጫማ የሚያገኘው ትርፍ አነስተኛ ነው። በሌላ በኩል በ2023 የወጣ የሐኪሞች ዘገባ በካርቦን ጫማ ሲሮጡ የእግር መሐል አጥንታቸው የተጎዳ 5 ሯጮችን አሳይቷል። ጫማው ጫናውን አያጠፋውም፤ ከአንዱ የእግር ክፍል ወደ ሌላው ያሸጋግረዋል። ስለዚህ እግር ቀስ በቀስ ሊለምደው ይገባል።

ሕግም አለው። የዓለም አትሌቲክስ በጃንዋሪ 2020 የጎዳና ጫማ ሶል ከ40 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ፣ ከአንድ ዝርግ በላይም እንዳይኖረው ወሰነ። የሕጉን ክብደት የእኛው ደራራ ሁሪሳ በ2021 በቪየና ማራቶን ቀምሶታል። በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ አንደኛ ገብቶ ሳለ የጫማው ሶል 50 ሚሊ ሜትር ሆኖ በመገኘቱ ውጤቱ ተሰረዘ። የለፋ አትሌት በ10 ሚሊ ሜትር ድሉን ሲያጣ ማየት ያማል። ከዚያ ቀን ወዲህ የተፈቀዱ ጫማዎችን ዝርዝር ማየት የአሠልጣኝም የማናጀርም ግዴታ ሊሆን ይገባል።

የብስክሌተኛው ተጋጣሚ ነፋስ ነው

ብስክሌት ላይ ጥያቄው ይለወጣል። በሜዳማ መንገድ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚጋልብ ሰው ከጉልበቱ 80 በመቶና ከዚያ በላይ የሚያወጣው አየር ለመግፋት ነው። የሚጠየቀው ኃይል ከፍጥነቱ በላይ ያድጋል፤ ነፋስን ለማሸነፍ ብቻ ፍጥነትን እጥፍ ማድረግ 8 እጥፍ ኃይል ይፈልጋል። አየሩን በብዛት የሚጋፋው ደግሞ ብስክሌቱ ሳይሆን የጋላቢው ሰውነት ነው። ለዚህም ነው ጀርባን ዝቅ ማድረግ፣ ክንድን መሰብሰብና የሚርገበገብ ልብስን በጠባብ ማልያ መተካት ውድ ብስክሌት ከመግዛት በፊት የሚመጣው።

ዕቃ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ከእንግሊዛዊው ክሪስ ቦርድማን የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። በ1996 እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቶ በሚጋልብበት ልዩ ብስክሌት በአንድ ሰዓት 56.375 ኪሎ ሜትር ሄደ። የዓለም ብስክሌት ማኅበር አቀማመጡን ከለከለ፤ ቀጥሎም የሰዓት ክብረ ወሰን ክብ ቱቦና ባለ ሽቦ ጎማ ባለው የተለመደ ብስክሌት እንዲሆን ደነገገ። ቦርድማን በ2000 እንደ ሕጉ በተሠራ ብስክሌት ሞከረና 49.441 ኪሎ ሜትር ሄደ። ቤልጂየማዊው ኤዲ መርክስ በ1972 በሜክሲኮ ሲቲ ካስመዘገበው 49.431 የበለጠው በ10 ሜትር ብቻ ነበር። በሁለቱ ሙከራዎች መካከል 4 ዓመት አልፏል፤ ቢሆንም ወደ 7 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን ልዩነት ዕድሜ ብቻውን አያመጣውም።

መርክስ ሜክሲኮን የመረጠው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከፍታ ላይ አየር ስለሚሳሳ የሚገፋው ይቀንሳል። አዲስ አበባም ከሜክሲኮ ሲቲ ጋር የሚቀራረብ ከፍታ አላት፤ አየሯ ከባሕር ወለል አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የሚተነፈሰው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ስለሚቀንስ ግን ጥቅሙ በነጻ አይገኝም። ብስክሌት ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ በተሳተፈችበት በ1956ቱ የሜልቦርን ጨዋታ ብስክሌተኞቿ ከሯጮቿ ጋር ተሰልፈዋል። በ2016 ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ።

ብስክሌት ለሚሞክር ሰው መነሻው መቀመጫው ነው። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበት በትንሹ የታጠፈ መሆን አለበት። መቀመጫው ዝቅ ካለ ጉልበት ከፊት በኩል ያማል፤ ከፍ ካለ ዳሌ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ቀጥሎ ጎማ ይመጣል። ቀድሞ ቀጭንና እንደ ድንጋይ የደረቀ ጎማ ፈጣን ነው ይባል ነበር፤ ዛሬ ትልልቆቹ ቡድኖች 28 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ስፋት ያለውን ጎማ ዝቅ ባለ የአየር ግፊት ይጠቀማሉ። ሻካራ አስፋልት ላይ በጣም የደረቀ ጎማ ጋላቢውን እያነጠረ ጉልበቱን ይበላልና። ተሰነጣጥቆ በተጠገነ መንገድ ለሚጋልብ የአገራችን ብስክሌተኛ ይህ መልካም ዜና ነው። ክብደት የሚቆጠረው ዳገት ላይ ነው፤ እሱም ቢሆን ገደብ አለው፤ ሕጉ የውድድር ብስክሌት ከ6.8 ኪሎ ግራም እንዳያንስ ያዛል።

አሞካከሩ

ኢትዮጵያውያን በዚህ ረገድ ትልቅ አብነት አለን። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ ያገኘው አዲስ ጫማ እግሩን ስላልተስማማው በባዶ እግሩ መሮጥን መረጠ። በባዶ እግር ልምምድ ሠርቶ ያውቅ ስለነበር የመረጠው የሚያውቀውን ነው። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ወርቁን ወሰደ። ከ4 ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ በጫማ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ደገመው። በሁለቱም ቀን የፈረደው እግሩ ነበር።

ጫማ ሲመረጥ ሰዓቱ ወደ ማታ ቢሆን ይመረጣል፤ እግር ቀን ሲውል ያብጣል፣ በረጅም ሩጫም እንዲሁ። ካልሲው የውድድሩ ካልሲ ይሁን፤ ከእግር አውራ ጣት ፊትም የአንድ የእጅ አውራ ጣት ስፋት ይቅር። ገበያችን ኦሪጅናል በሚመስሉ ኮፒዎች የተሞላ በመሆኑ እጅም መፈተን አለበት። ካርቦን አለው የተባለ ጫማ እንደ ጨርቅ ከታጠፈ የለውም። ፎሙ በአውራ ጣት ሲጫኑት ፈጥኖ ካልተመለሰ ሞቷል። የወጥ ቤት ሚዛን ካለ ክብደቱን አምራቹ ከሚለው ጋር ማስተያየት ይቻላል። ያገለገለ ጫማ የሚገዛ ሰው በተለይ ይጠንቀቅ፤ የታችኛው ላስቲክ ደህና ሆኖ ሳለ ፎሙ ቀድሞ ሊያልቅ ይችላል።

ሩጫው ላይ ዋናው ደንብ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ነው። ጫማ፣ ካልሲና ቁምጣ በአንድ ቀን ከተለወጡ የትኛው እንደረዳ፣ የትኛው እንደላጠ አይታወቅም። መንገዱና ሰዓቱ አንድ ይሁኑ፤ ፍጥነቱም እንዲሁ። ከዚያ የልብ ምት ይታይ። መጀመሪያ አሮጌው፣ ቀጥሎ ሁለት ጊዜ አዲሱ፣ በመጨረሻ እንደገና አሮጌው ሲሆን የድካምና የአየር ለውጥ ፍርዱን አያዛባም። መንገድም ይለይ። አትሌቶቻችን አንድ ቀን በእንጦጦ ጫካ፣ አንድ ቀን በኮረኮንች፣ አንድ ቀን በሰንዳፋ አስፋልት ይሠራሉ። ወፍራምና ለስላሳ ሶል ያለው የካርቦን ጫማ ቦታው አስፋልት ነው፤ ኮረኮንች ላይ ቁርጭምጭሚት ያጣምማል።

በመጨረሻም ሙከራው ረጅም ይሁን። ሱቅ ውስጥ የተመቸ ጫማ 25 ኪሎ ሜትር ላይ ጥፍር ሊያጠቁር ይችላል፤ ለስላሳ የመሰለ ስፌትም ላብ ሲነካው ቆዳ ይልጣል። ይህንን የሚነግር ማስታወቂያ የለም፤ የሚነግረው ረጅም ሩጫ ብቻ ነው።

ለጀማሪ የምመክረው ገንዘቡን በመጀመሪያ ልኩ በሆነ የዘወትር የልምምድ ጫማ ላይ እንዲያውል ነው። የካርቦን ጫማ የሚመጣው እግር ከጠነከረና ሰዓት ከተስተካከለ በኋላ ነው፤ ያኔም ለውድድርና ለጥቂት ፈጣን ልምምዶች ብቻ ይቀመጥ። ለውድድር የምትዘጋጁ ሁሉ፣ ረጅም ሩጫ ያላየ ጫማ አድርጋችሁ መነሻው መስመር ላይ አትቁሙ።