ደጅ ጥናት በኮንስቲትዩሽን ጎዳና

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል እየሰማ ያደገ ሰው ዋሽንግተን ውስጥ አንድ ደጅ ያስደንቀዋል። ከሲልቨር ስፕሪንግ በቀዩ መስመር ባቡር ተሳፍሮ ጁዲሸሪ ስኩዌር የወረደ መንገደኛ በእግሩ ይደርስበታል። በኮንስቲትዩሽን ጎዳና ያለው የፌዴራል ፍርድ ቤት ነው፤ እዚያ መንግሥት ይከሰሳል። ደጁ ክፍት ነው። የሚከብደው ደጅ ጥናቱ ነው፤ ስንት ዓመት መቆም ይቻላል? በማንስ ገንዘብ?

በሐምሌ 2016 (እ.ኤ.አ.) ከሰሜንና ደቡብ ዳኮታ የስታንዲንግ ሮክ ነባር ሕዝብ አቤቱታውን ይዞ እዚህ ደረሰ። ተከሳሹ የአሜሪካ ጦር የመሐንዲሶች ጓድ ነበር። ዳኮታ አክሰስ የተባለው 1,900 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ቧንቧ በቀን 570 ሺህ በርሜል ድፍድፍ ነዳጅ ሊያስተላልፍ ታስቦ፣ በኦአሂ ሐይቅ ሥር እንዲያልፍ ተፈቅዶለት ነበር። ቦታው ከሕዝቡ ይዞታ ድንበር አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ሐይቁ የሚጠጡት ውሃ ነው። ሐይቁ ራሱ የተፈጠረው ያው ጓድ የሚዙሪን ወንዝ ሲገድብ ከ50 ሺህ ኤከር በላይ መሬታቸውን አስጥሞ ነው። ቀደም ሲል ከቢዝማርክ ከተማ በስተሰሜን የሚያልፍ መስመር ታስቦ ቀርቷል፤ ለከተማዋ የውሃ ምንጭ መቅረቡ ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። ይህን ሳነብ ደሜ ይፈላል።

ከዚያ ዘመን ዓለም የሚያስታውሰው የቧንቧውን ተቃዋሚዎች ድንኳን፣ የተለቀቁባቸውን ውሾች፣ በብርድ ሌሊት የተረጨባቸውን ውሃ ነው። መዝገቡን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ዳኛ ጄምስ ቦስበርግ በ2017 የመሐንዲሶቹ ጥናት ጉድለት እንዳለበት ወሰኑ፤ ነዳጁ ግን በዚያው ወር መፍሰስ ጀምሮ ነበር። በመጋቢት 2020 ሙሉ የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት እንዲደረግ አዘዙ፤ በሐምሌ ደግሞ የማለፊያ ፈቃዱ ተሰርዞ ቧንቧው ባዶ እንዲሆን። ይግባኝ ሰሚው ችሎት በጥር 2021 የማለፊያ ፈቃዱ መሰረዙንና ጥናቱን አጸና፤ ነዳጁ ይቁም የተባለውን ግን ሻረ። ስለዚህ ነዳጁ ሕጋዊ የማለፊያ ፈቃድ በሌለው ቧንቧ ውስጥ መፍሰሱን ቀጠለ። በ2024 አዲስ ክስ ተመሠረተ፤ በመጋቢት 2025 ጥናቱ ሳይጠናቀቅ መክሰስ አይቻልም ተብሎ ተዘጋ።

በ2016ቱ ክስ ጠበቃ ያቆመው ማን ነው? ኧርዝጀስቲስ የተባለው ድርጅት ነው። ከደንበኞቹ ክፍያ አይቀበልም፤ በአብዛኛው የሚኖረው ከለጋሾች በሚያገኘው ነው።

አሁን የፖቶማክን ወንዝ ተሻግረን አሌክሳንድሪያን እንይ። በአሮጌው ከተማ ሰሜን ጫፍ ከ1949 ጀምሮ የድንጋይ ከሰል የሚያነድ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ነበረ። ነዋሪዎች ቤታቸው ላይ የሚያርፈው ጥላሸት ከየት እንደሚመጣ ጠየቁ። የከተማው አስተዳደር ጉዳዩን ያዘ፤ ለዓመታት ተሟገተ፤ ተደራደረ፤ በ2012 ማመንጫው ተዘጋ። ዛሬ በወንዙ ዳር የሚንሸራሸር ሰው ያንን አየር አይተነፍስም። አሌክሳንድሪያ የረታችው እውነት ስለነበራት ብቻ አይደለም፤ ግብር ከፋይ፣ በጀትና የራሷ የሕግ ክፍል ነበራት። ስታንዲንግ ሮክም እውነት ነበረው።

እኔ በጽኑ የማምነው ይህን ነው፤ እንደ ስታንዲንግ ሮክ ላሉ ሕዝቦች ጠበቃ የሚከፈል ገንዘብ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ከሚገዛው ገንዘብ እኩል የአየር ንብረት ሥራ ነው። አንዴ የተቀበረ ቧንቧ ለአሥርተ ዓመታት ያስተላልፋል፤ ከመቀበሩ በፊት የሚገኝ እግድ ግን ነዳጁን ከመሬት ሳይወጣ ሊያስቀረው ይችላል። ኢንዲጂነስ ኢንቫይሮንመንታል ኔትወርክና ኦይል ቼንጅ ኢንተርናሽናል የተባሉ ድርጅቶች በ2021 እንዳሰሉት፣ የነባር ሕዝቦች ትግል ያስቆመው ወይም ያዘገየው ብክለት ከአሜሪካና ካናዳ ዓመታዊ ልቀት ሩብ ያህል ነው። ካናዳ ውስጥ ሬቨን የተባለ ድርጅት ሥራው ለነባር ሕዝቦች የሙግት ወጪ ማሰባሰብ ነው። ከደገፋቸው ክሶች አንዱ ኖርዘርን ጌትዌይ የተባለውን ቧንቧ ፈቃድ በ2016 አሰርዟል፤ ቧንቧው ሳይሠራ ቀረ።

ችግሩ ገንዘቡ የሚመጣው ካሜራ ሲኖር መሆኑ ነው። ሙግት የሚፈልገው የዕድርን አሠራር ነው። ዕድር ሰው ሲሞት ብቻ አይዋጣም፤ ሐዘን ባይኖርም ወር በወር ይከፈላል፤ ቀኑ ሲደርስ ድንኳኑ የሚተከለው ለዚያ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያለን አበሾች ይህን ከማንም በላይ እናውቃለን፤ ፍርድ ቤቱም ጎረቤታችን ነው።

ገንዘብ በሌላው ወገንም ይሠራል። የዳኮታ አክሰስን ቧንቧ የሠራው ኢነርጂ ትራንስፈር በተቃውሞው ምክንያት በከፈተው ክስ፣ በመጋቢት 2025 በሰሜን ዳኮታ የሕዝብ ዳኞች ጉባኤ (ጁሪ) ግሪንፒስ የተባለው ድርጅት ከ660 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል በየነ፤ ዳኛው በኋላ ወደ ግማሽ ገደማ አወረዱት። ይህን የሰማ ትንሽ ማኅበር ከመናገሩ በፊት ኪሱን ይዳስሳል።

የገንዘቡ ጥያቄ ራሱ ፍርድ ቤት የደረሰበት ጊዜም አለ። የቢቨር ሌክ ክሪ ነባር ሕዝብ በካናዳዋ አልበርታ፣ በቃል ኪዳን የተጠበቀለት የአደን መሬት በነዳጅና በሌላ ልማት እየተበላ ነው ብሎ በ2008 ክስ መሠረተ። ያለችውን ጥሪት ለጠበቃ ያውል ወይስ ለሕዝቡ ቤትና ውሃ? የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በመጋቢት 2022፣ ገንዘብ ያለው የነባር ሕዝብ አስተዳደር እንኳ ለአንገብጋቢ ፍላጎቶች ማዋል ስላለበት ለሙግት አቅም ሊያጣ ይችላል ሲል ወሰነ፤ ጉዳዩንም ለሥር ፍርድ ቤት መለሰ። ያኔ ክሱ ከተከፈተ 14 ዓመት ሆኖት ነበር። ችሎቱ ያየው ጠበቃውን ማን ይክፈል የሚለውን ነበር፤ ስለ መሬቱ ያለው ዋናው ክርክር እስከዚያ ቀን ገና አልተሰማም ነበር።