አረቄና ከፍታ

ጂን በጥድ ፍሬና በብርቱካን ልጣጭ መዓዛውን ያገኛል፤ በደብረ ታቦር አካባቢ የሚወጣው አረቄ ደግሞ ከጌሾና ከብቅል ድፍድፍ ይገኛል። የሁለቱም ሕግ አንድ ነው፦ አልኮል ከውኃ ይልቅ በቀላሉ ይተናል።

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት አነስተኛ በመሆኑ፣ ውኃ በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል፤ ንጹሕ አልኮልም ከ78 ወርዶ በ70 ገደማ ይፈላል።

እንግዲህ ለባሕር ጠረፍ የተጻፈ መመሪያ «እንፋሎቱ 95 ዲግሪ ሲደርስ አቁሙ» ቢለን፣ ያ ቁጥር እዚህ ከቶ አይደርስም። ስንጠብቅ አልኮሉ አልቆ ውኃ ይንጠባጠባል፤ ማገዶውም በከንቱ ይነዳል። ስለዚህ አስቀድመን ንጹሕ ውኃ አፍልተን ቴርሞሜትሩን እናንብብ፤ ከ100 የጎደለውንም ከመመሪያው ቁጥር ላይ እንቀንስ።