ሪኮል የወጣበት መኪና ይገዛል ወይስ አይገዛም?

ሰሞኑን አንድ የሰፈሬ ልጅ ስልክ ደወለልኝ። ቤት በመቀባት ሥራ የሚተዳደር፣ ትዳር የያዘ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ይቺ ፎርድ ማቭሪክ የምትባለው ሃይብሪድ ፒክአፕ በእሳት ትነሳለች ይላሉ፤ እውነት ነው እንዴ? ያገለገለች አግኝቻለሁ፣ ልግዛት ወይስ ይቅርብኝ?» አለኝ።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። ይሁን እንጂ በዚህ ጉዳይ በራሴ ላይ የደረሰ ነገር ስላለ፣ መልሱን በስልክ ብቻ ከምጨርሰው ለሌሎቻችሁም ይጠቅም ይሆናል ብዬ ይህችን ጽሑፍ ጫርኩ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ላሳውቅ።

በቅድሚያ የራሴን ጉድ ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት የምነዳው፣ ሌላ ኩባንያ የሠራው አንድ አሮጌ የቤት መኪና ነበር። በአንድ የክረምት ምሽት ሁለት ልጆቼን ከኋላ አስቀምጬ በ495 አውራ ጎዳና ስጓዝ ሞተሩ ድንገት ጠፋ። መሪው ድንጋይ ሆነብኝ። እንደምንም ታግዬ ወደ መንገዱ ዳር አወጣሁት። ከባድ መኪናዎች በአጠገባችን ባለፉ ቁጥር መኪናችን ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ልጆቹ ያለቅሳሉ። በማግስቱ መካኒኩ ቁጥሩን ኮምፒዩተር ውስጥ አስገብቶ «ይህ እኮ ሪኮል አለው፤ ደብዳቤ አልደረሰህም?» ሲለኝ ክው አልኩ። ቤት ገብቼ ስፈልግ፣ ደብዳቤው ከክሬዲት ካርድ ማስታወቂያዎች ጋር ተከምሮ ሳይከፈት ተቀምጧል። ከደረሰኝ ስምንት ወር ሆኖታል። ጥገናው በነፃ ነበር። በዚያች ምሽት የባሰ ነገር ቢደርስ ኖሮ፣ በስምንት ወር ውስጥ አንድ ፖስታ ባለመክፈቴ ነበር የሚደርሰው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። ሪኮል ማለት ምን ማለት ነው? አንድ ኩባንያ የሠራው ተሽከርካሪ የሰው ሕይወት የሚያሰጋ ጉድለት እንዳለበት በራሱ አምኖ ወይም በመንግሥት ተገዶ፣ «አምጡት፣ በነፃ አስተካክላለሁ» ብሎ የሚያወጣው ጥሪ ነው። የሕጉ መሠረት በ1966 የወጣው የትራፊክና የሞተር ተሽከርካሪ ደህንነት ሕግ ነው። ያን ሕግ ያመጣው ኩባንያዎቹ በራሳቸው ተነሳስተው አይደለም። ራልፍ ናደር የተባለው ጠበቃ በ1965 የኩባንያዎቹን ገመና የሚያወጣ መጽሐፍ አሳትሞ ሕዝቡን ስለቀሰቀሰ ነው። ዛሬ ሕጉን የሚያስፈጽመው የፌዴራሉ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ ሰዎች ባጭሩ ኒትሳ ይሉታል። አንድ ኩባንያ የደህንነት ጉድለት መኖሩን ከወሰነ በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ለኒትሳ ማሳወቅ፣ ለባለ መኪናዎችም በፖስታ ደብዳቤ መላክ አለበት።

አቤቱታ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። አቤቱታ ባለ መኪናው «እንዲህ ደረሰብኝ» ብሎ ለኒትሳ የሚያስመዘግበው ቃል ነው። ማንም አላጣራውም። ስለዚህ አቤቱታ ክስ እንጂ ፍርድ አይደለም። ነገር ግን ተመሳሳይ ክስ ከቴክሳስም፣ ከኦሃዮም፣ ከሜሪላንድም ሲመጣ መርማሪዎች መጠየቅ ይጀምራሉ፤ ምርመራው ጉድለቱን ካረጋገጠ ደግሞ ሪኮል ይከተላል።

አሁን ወደ ማቭሪክ እንምጣ። ይህች ፒክአፕ በ2021 ስትተዋወቅ መነሻ ዋጋዋ ማጓጓዣውን ሳይጨምር 19,995 ዶላር ነበር። ሃይብሪዷ በከተማ ውስጥ በአንድ ጋሎን 42 ማይል ትሄዳለች ስለተባለ፣ ፈላጊው ከመብዛቱ የተነሳ የመጀመሪያው ዓመት ሃይብሪድ ትዕዛዝ በዚያው ዓመት ተዘጋ። በ2022 የሰሜን አሜሪካ የዓመቱ ፒክአፕ ተብላ ተሸለመች። በላቡ ለሚያድር ሰው መልካም ዜና ነበር።

ታዲያ «በእሳት ትነሳለች» የሚለው ወሬ ከየት መጣ? ከሜዳ የመጣ አይደለም። በ2022 ክረምት ላይ ፎርድ 2.5 ሊትር ሞተር ያላቸውን ሃይብሪዶች፣ ማለትም ማቭሪክን፣ ኤስኬፕንና ሊንከን ኮርሴርን ለጥገና ጠራ። ብዛታቸው 100,689 ነበር። ምክንያቱ በአንዳንድ ሞተሮች አሠራር ላይ በተፈጠረ ስህተት የሞተሩ ብሎክ ወይም የዘይት ማጠራቀሚያው ሊሰነጠቅ መቻሉ ነው። ያን ጊዜ ዘይትና የነዳጅ ተን ይወጣና በሞተሩ ዙሪያ ወዳሉ የጋሉ ክፍሎች ይደርሳል፤ ከዚያ እሳት ይነሳል። መፍትሔ ተብሎ የተሰጠው ግን ሞተሩን መቀየር አልነበረም። ከሥር ያለውን መሸፈኛ መብሳትና ከፊት ያለውን የአየር መዝጊያ ማንሳት ነበር፤ የሚወጣው ፈሳሽ እንዳይጠራቀም፣ ተኑም እንዲበተን ማለት ነው።

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ያ መፍትሔ አልበቃም። በ2023 ፎርድ ለዚያው ችግር ሁለተኛ ሪኮል አወጣ፤ የተሽከርካሪዎቹም ቁጥር 125,322 ደረሰ። በ2022 «ተሠርቶላችኋል» ተብለው የሄዱትም ጭምር እንደገና እንዲመጡ ተጠሩ። አዲሱ መፍትሔ እስኪዘጋጅ ድረስ ለባለቤቶቹ የተሰጠው ምክር፣ ያልተለመደ የሞተር ድምፅ ከሰማችሁ፣ ጉልበቱ ከቀነሰ ወይም ጭስ ካያችሁ ወዲያው ዳር ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉ የሚል ነበር። ሃይብሪድ በተለይ ጥንቃቄ የሚሻው ሞተሩ ቢጎዳም ኤሌክትሪኩ ጥቂት መንገድ ሊያስኬዳችሁ ስለሚችል ነው። «መሄድ ከቻለች ቤት ልድረስ» ማለት እዚህ ላይ አይሠራም።

በ2022 የተጠገነላት ሰው ወረቀቱን በኪሱ ይዞ ነገሩ አልቋል ብሎ ቢቀመጥ አይፈረድበትም። ነገር ግን አላለቀም ነበር። ይኸው ታሪክ በባትሪም ተደግሟል። በሚያዝያ 2024 በትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ ምክንያት መኪና መንገድ ላይ ጉልበት ሊያጣ ይችላል ተብሎ 456,565 ብሮንኮ ስፖርትና ማቭሪክ ተጠሩ። በጥር 2025 ደግሞ ባትሪው ራሱ የአሠራር ጉድለት አለበት ተብሎ ከእነዚሁ ሁለት ዓይነቶች 272,817 እንደገና ተጠሩ። በ2024 የኋላ መብራት ሊጠፋ ይችላል ተብሎ የተጠሩ 242,669 ማቭሪኮችም አሉ። ይህ ማለት ግን እያንዳንዷ ማቭሪክ በሁሉም ውስጥ አለች ማለት አይደለም። የሚወስነው የመኪናዋ ቁጥር ነው።

ሌላ ብዙዎቻችንን የሚያሳስት ነገር አለ። ሪኮል ስለ ደህንነት እንጂ ስለ ጥንካሬ አይደለም። በግንቦት 2024 ቶዮታ ወደ 102,000 የሚጠጉ ተንድራ ፒክአፖችንና ሌክሰስ ኤልኤክሶችን ጠራ፤ ሞተሩ ሲሠራ ውስጡ የቀረ የብረት ፍርፋሪ ሞተሩን ሊያጠፋው ይችላል ተብሎ። ሃይብሪዱ ተንድራ ግን በዚያ ሪኮል ውስጥ አልገባም። ሞተሩ ቢጠፋ በኤሌክትሪኩ በመጠኑ መንቀሳቀስ ስለሚችል መሐል መንገድ ላይ አይቆምም ተባለ። እንግዲህ «ሪኮል የለውም» ማለት «እንከን የለውም» ማለት አይደለም።

ኩባንያዎቹ በጊዜው እንዲናገሩ የሚያደርጋቸውስ ምንድን ነው? ቅጣት ነው። በኅዳር 2024 ፎርድ የኋላ ካሜራ ጉድለት ያለባቸውን መኪናዎች በወቅቱ አልጠራህም ተብሎ 165 ሚሊዮን ዶላር እንዲቀጣ ከኒትሳ ጋር ተስማማ፤ ገለልተኛ ተቆጣጣሪም ተመደበበት። በ2025 ያው ኩባንያ ከ100 በላይ ሪኮሎችን በማውጣት፣ ጄኔራል ሞተርስ በ2014 ያስመዘገበውን የ77 ሪኮል ክብረ ወሰን ሰበረ። አንዳንዱ ይህን የጥራት ጉድለት ነው ይላል፤ ሌላው ከቅጣቱ በኋላ የተደበቀው ሁሉ እየወጣ ነው ይላል። በበኩሌ ሁለቱም እውነት አላቸው እላለሁ።

ወገኖቼ፣ በእኛ ዘንድ አንድ ልማድ አለ። «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» ብለን ነው ያደግነው። መኪናችን መንገድ ላይ ሲቆም ለመካኒክ ከፍለን ዝም እንላለን። «እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው» ወይም «ማን ይሰማኛል» እንላለን። በዚህ አገር ግን ዝም ያለ ሰው ያጋጠመው ችግር በመዝገብ ላይ የለም፤ በመዝገብ የሌለ ነገር ደግሞ አይመረመርም። የእኛ ሰው በታክሲውም፣ በኡበሩም፣ ዕቃ በማድረሱም ሥራ ቀንና ሌሊት መሪ ላይ ያለ ሕዝብ ነው። ጉድለትን ቀድሞ የሚያየው እሱ ሆኖ ሳለ ቀድሞ መናገር ያለበትም እሱ ነበር።

ስለዚህ የሚከተሉትን አደራ እላለሁ።

አንደኛ፣ በዳሽቦርዱ ጥግ በመስተዋቱ በኩል የሚታየውን 17 ፊደልና ቁጥር ያለውን የመኪናችሁን ቪን ቁጥር በኒትሳ ድረ ገጽ ላይ አስገቡ። በነፃ ነው። አንድ ጊዜ አይታችሁ አትተዉት፤ በየጥቂት ወሩ ድገሙት።

ሁለተኛ፣ አድራሻ ስትቀይሩ የመኪናውንም ምዝገባ ቀይሩ። ደብዳቤው የሚሄደው ወደ ተመዘገበው አድራሻ ነው።

ሦስተኛ፣ ያገለገለ መኪና ስትገዙ ሻጩን አትመኑ። አዲስ መኪና ሪኮሉ ሳይሠራ ለገዢ ማስረከብ ክልክል ነው፤ የኪራይ መኪና ድርጅቶችም ከ35 በላይ መኪና ካላቸው ከ2016 ጀምሮ ሪኮሉ ያልተሠራለትን ማከራየት አይችሉም። ያገለገለ መኪና ነጋዴን ግን የሚከለክል የፌዴራል ሕግ የለም።

አራተኛ፣ ሁለተኛም ሆናችሁ ሦስተኛ ባለቤት፣ መኪናው መጀመሪያ ከተሸጠ 15 ዓመት ካላለፈው የሪኮል ጥገናው በነፃ ነው። የዚያ ኩባንያ ዲለር ሁሉ ይሠራል። ሪኮሉ ሳይወጣ በገንዘባችሁ ያሠራችሁ ከሆነም ገንዘባችሁን ለመጠየቅ መብት ሊኖራችሁ ስለሚችል ደረሰኛችሁን ጠብቁ።

አምስተኛ፣ ችግር ሲደርስባችሁ በድረ ገጹ ወይም በ1-888-327-4236 አመልክቱ። ቀኑን፣ የተነዳውን ማይል፣ ፍጥነታችሁን፣ የበራውን የማስጠንቀቂያ መብራት ጻፉ። ጠበቃ አያስፈልግም። የደረሰውን ብቻ ጻፉ፤ አታጋንኑ። የተጋነነ አቤቱታ የእውነተኛውንም ክብደት ያቀላል።

ወደዚያ ልጅ ልመለስ። «ግዛት» አላልኩትም፣ «አትግዛት» አላልኩትም። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» ይባላል፤ በወሬ መግዛትም ሆነ በወሬ መተው አንድ ነው። «ገንዘቡን ከመክፈልህ በፊት ቪን ቁጥሯን ላክልኝና አብረን እንየው። የ2022ቱ ብቻ ሳይሆን የ2023ቱም መሠራቱን እናረጋግጥ። ያልተሠራ ካለ ሻጩ አሠርቶ ያምጣ፤ እምቢ ካለ ተዋት» አልኩት። ሪኮል የወጣበት መኪና ይገዛል። ሪኮሉ ያልተሠራለት መኪና ግን ልጆች አይጫኑበትም።

እናንተም ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ተነሱና ያን ያልተከፈተ የፖስታ ክምር እስቲ አገላብጡት።

ቸር ይግጠመን።